ከመነኩሲቷ የመጣ ጦስኝ

ሸዋነሽ ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ ከቤት አትወጣም። ቤታቸው በቅድስቲቱ ከተማ፣ ሃነቪኢም ከተባለው መንገድ አጠገብ፣ ሊፍት የሌለው አሮጌ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ነው። አፍንጫዋ ላይ የተሰካው የኦክስጅን ቱቦ እስከ መስኮቱ ያደርሳታል፤ ወጥ ቤት ግን አያስገባትም። ቢያስገባትም ነርሷ እሳት አጠገብ እንዳትደርስ አስጠንቅቃታለች። ውላ የምታድረው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንን ጉልላት እያየች ነው።

የባሰባት አክታው ነበር፤ ደረቷ ላይ ተጣብቆ አልወጣ አላት። የሐኪሙን መድኃኒት አታጓድልም። ግን ልጅ ሳለች ጎንደር ውስጥ እናቷ በደረቀ የጦስኝ አበባ እንፋሎት ታጥናት እንደነበር ትዝ አላትና ለልጅ ልጇ ለኦሽራት ነገረቻት። በዕብራይስጥ ያደገችው ወታደሯ ኦሽራት አማርኛዋ ጥቂት ነው። "ጦስኝ፣ ጦስኝ" እያለች ወርዳ የቤተ ክርስቲያኑን በር አንኳኳች።

"ሳቭታ፣ ቆብ ያላት ሴትዮ ሰጠችኝ" አለች አያቷን በዕብራይስጥ ጠርታ፣ ከረጢቱን እያቀበለቻት። "እሷም ጎንደር ናት።" ከዚያ ወደ ጦር ሰፈሯ ሄደች።

እንደ እሷ አይሁዳዊ የሆነው ባሏ አይቸው ከረጢቱን አየት አደረገ።

"አገር ቤት ከክርስቲያኖች እጅ ውሃ እንኳ አንቀምስም ነበር። እዚህ መጥተን ልንጀምር ነው?"

"አልጠጣውም እኮ፤ ልታጠንበት ነው።"

"ያው ነው። እኔ አላፈላም።"

ሸዋነሽ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትስል ዋለች። በኋላ ቱቦውን ከአፍንጫዋ ነቀለችና ግድግዳ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ድስቱን ውሃ ሞላችው፤ ማንሳት ግን አቃታት። አይቸው የቧንቧው ድምፅ አልቆም ሲለው ቢመጣ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ደግፎ መለሳትና ቱቦውን ሰካላት።

"መሞት ነው የምትፈልጊው?"

"መተንፈስ ነው የምፈልገው።"

አይቸው ከረጢቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። ምድጃው ሲለኮስ ሰማች። ምድጃውን አጥፍቶ፣ እንፋሎቱ የሚጨሰውን ሳህን ይዞ መጣና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገላት። ሳህኑን እሱ ያዘላት። ብዙ ሳይቆይ አክታው እየተቆረጠ ይወጣላት ጀመር። የዚያን ቀን ትራስ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐኪሙ ሲሰማ፣ "አክታውን ያለዝብልሽ ይሆናል፤ ሳንባሽን ግን አያድነውም" አላት። ይህንንስ እሷም ታውቃለች።

አበባው ሲያልቅ አይቸው ራሱ ሄደ። ግቢው ውስጥ አልገባም፤ መነኩሲቷ እስኪወጡ ደጅ ቆመ።

"ምን አሉህ?" አለችው ሲመለስ።

"'ምነው ራሳቸው አይመጡም? የአገራችንን እንጫወት ነበር' አሉ።"

"አንተስ?"

"'መውረድ አትችልም' አልኳቸው።"

ሸዋነሽ እሱ መውረድ እንደማትችል ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

"ስለዚህ እርስዎ ይምጡ አልኳቸው" አለ አይቸው ጫማውን እያወለቀ። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ።"