ብርሃኑን ልቀቂልኝ

«ይቀመጡ» አሏት አባቷ፣ በደህናው እጃቸው ወንበሩን እያሳዩ።

ተቀመጠች፤ ምን ታድርግ! ዕድሜያቸውን ሙሉ ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሩን ገፍቶ ለገባ ሁሉ፣ ለሹሙም ለተሸካሚውም፣ ቃላቸው አንድ ነበር፤ «ይቀመጡ ጌታው»። ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ሲመታና ከአፋቸው ብዙ ቃል ሲወስድ ያችን አልነካትም። የወሰደባቸው «አንቺ»ን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፀጉር ቤታቸው መስኮት ፊት እየተገተረች ስታስቸግራቸው «አንቺ ልጅ፣ ብርሃኑን ልቀቂልኝ!» እያሉ ያሳደጓትን፣ ዛሬ እንደ ደንበኛ «እርስዎ» ይሏታል።

ሐኪሙ «የሳተው ምላሳቸው ነው እንጂ ልባቸው አይደለም» ብሏታል። እሷም ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ትደግማለች። ብቻዋን ስትሆን ግን አታምነውም።

አሁን ያሉት፣ ቦታውን ሊያዩ መጥተው፣ የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ በሚያስተዳድረው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ቤቱ ድሮ የእንጨት መጋዘን ነበር። ደረጃውን አፍርሰው ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች መውጫ አበጅተውለታል፤ በግድግዳው ዙሪያ የተሠራውን የእንጨት መደገፊያ የብዙ ሰው መዳፍ አልስልሶታል። የመስኮቱ መጋረጃ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፤ ከሁለት ቤት መምጣቱ ያስታውቃል።

ባለፈው ሳምንት ያየችው ሌላው ቤት ፎቅ ነው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። እዚያ ሥራ አስኪያጇ «ብቻቸውን ይበላሉ? ያስቸግራሉ?» እያለች የጠየቀችው እሷን ነበር፤ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ እንደ ዕቃ። ታላቅ ወንድሟ ግን በስልክ የመረጠው ያንን ነው። «ሰው ቢጠይቀን አናፍርም» አላት።

ወደ ቤት መልሳ እንዳትወስዳቸው ደግሞ ያ ቀን አለ። መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ እሷ ከሥራ እስክትመለስ ወለሉ ላይ ዋሉ። ስታነሳቸው ያሏት «ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» ነበር።

እዚህ ያለው አልጋ ባዶ የሚቆየው እስከ ዛሬ ብቻ ነው።

የአረጋውያኑን እጅና እግር እያንቀሳቀሰች የምታሠራው ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ገባች። ከአባቷ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ዓይናቸውን እያየች፣ «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለቻቸው።

ልጃቸው ልትመልስ አፏን ከፈተች።

«እሳቸውን ነው የጠየቅኳቸው፣ እህቴ» አለች ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ።

አባቷ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች አነሡ፤ ከፈቱ፣ ገጠሙ፣ ከፈቱ፣ ገጠሙ።

«መቀስ! ፀጉር አስተካካይ!» ሲል አንድ ድምፅ ከወዲያኛው አልጋ አጠገብ ጮኸ። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ፣ ነጭ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የተንጨባረረ አዛውንት ናቸው። ከባድ መኪና ሲነዱ ስለኖሩ ሁሉም «ሹፌሩ» ይሏቸዋል። «ተመስገን! እዚህ ቤት የሚቆርጠኝ ወይ ወጥ ቤቱ ነው ወይ ጎረቤት። ባለፈው በግ አስመስለውኝ ሄዱ!»

«መቀስ እንኳ ለጊዜው ይቆየን» አለች ሴትዮዋ፣ ከኪሷ ማበጠሪያ እያወጣች።

«ይቆይ፣ ይቆይ! ጆሮዬን ገና እፈልገዋለሁ።»

ሹፌሩ ወንበራቸውን እየገፉ መጡ። አባቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀና ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቀመጡ ጌታው።»

«ምን ከመቀመጥ ሌላ ሥራ አለኝ ወንድሜ! ከቆምኩማ ስንት ጊዜዬ!»

አባቷ ሳቁ። ሳቁ በአንድ ጎን ብቻ ነው የወጣው፤ ግን ሳቅ ነው፣ ከታመሙ ወዲህ አይታው የማታውቀው። በግራ እጃቸው ፎጣውን ከአልጋው ራስጌ ስበው አራገፉና ሹፌሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። ሴትዮዋ ማበጠሪያውን በደከመው ቀኝ እጃቸው አስጨብጣ ጣቶቻቸውን በጣቶቿ ከበበች። ማበጠሪያው አንድ ጊዜ ፀጉሩን ነካ፣ ወደቀ። ልጃቸው ልታነሳላቸው ተስፈንጥራ ስትነሳ ሴትዮዋ በዓይኗ ከለከለቻት። አባቷ በግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዳብሰው አገኙት፤ ለቀኙ አቀበሉት።

እሷ ከመስኮቱ ፊት እንደቆመች ቀረች።

ማበጠሪያው ሹፌሩ ጭንቅላት ላይ ቀጥ አለ። አባቷ ፊታቸውን አኮሳትረው ቀና አሉ፤ እሷን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ በነጩ ፀጉር ላይ የወደቀውን ጥላዋን አዩ። ከንፈራቸው ታገለ።

«አን...ቺ» አሉ። «ብርሃኑን!»

«ሰማሽ?» አሉ ሹፌሩ። «ዘወር በይለት እንጂ፣ ዛሬስ ጆሮዬ አለቀ!»

ዘወር አለች። ብርሃኑ በሽበቱ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ «አልጋውን ላንጥፍ?» ስትላት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና፣ እንደ ልጅነቷ ሆን ብላ፣ ተመልሳ መስኮቱ ፊት ተገተረች።