የቀን እናት ተቃውሞ

«የቀን እናት» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ደግሞ አንድ ቀን እንኳን በዓይናቸው አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን የሚያዝበት አንድ የፕሮግራም ቋንቋ አለ። ጌታ የለውም። የሚሠሩበት ሰዎች ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ባለ መድረክ እየተገናኙ፣ ይኼ ይጨመር፣ ያኛው ይውጣ እየተባባሉ ያሻሽሉታል። ከቋንቋው ጋር አብረው የሚታደሉ ፓኬጆችም አሉ፤ አንዱ ለፍቶ የሠራውን ሌላው ከዜሮ እንዳይጀምር አንሥቶ የሚጠቀምባቸው። የእሷ ፓኬጅ ቀን ያነባል። ሰው ቀን ሲጽፍ መቼስ አያድርስ ነው፤ አንዱ ወሩን ያስቀድማል፣ አንዱ ዓመቱን ይቆርጣል፣ አንዱ በነጥብ፣ ሌላው በጭረት ይለያል። የእሷ ፓኬጅ ያን ሁሉ ዝብርቅርቅ አንብቦ ወደ አንድ መልክ ያመጣዋል። ወጣትነቷን የበላው እሱ ነው፤ ደመወዝ አልከፈላትም፣ ስም ግን አውጥቶላታል።

አንድ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ኮምፒውተሯን ስትከፍት መድረኩ ላይ አዲስ የማሻሻያ ሐሳብ ተለጥፎ ጠበቃት። የቀን ማንበቢያው ፓኬጅ ከቋንቋው ጋር መታደሉ ይቅር፤ በምትኩ ሌላ ይግባ ይላል። ያቀረበው «ቀጭኑ» የሚባል፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። ቀጭኑ ያሉት መልኩን አይተው አይደለም፤ ሁሉ ነገር አጭርና ቀጭን ይሁን ባይ ስለሆነ ነው። ይኼንንም ሐሳብ ምክንያቱን ሳይዘረዝር በሁለት መስመር ነው የጻፈው።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አለች ጮክ ብላ።

ታላቅ እህቷ እዚያው ክፍል በመስኮቱ ሥር ልብስ ትሰፋለች። መኪናዋን ሳታቆም፣ «ማነው ደግሞ ዛሬ የነካሽ?» አለቻት።

«ሥራዬን ሊጥሉት ነው፣ እትዬ።»

«ማን አባቱ ነው የሚጥለው? መልሺለታ።»

መመለሱ ቢሆን ኖሮማ ማን ብሏት። መድረኩ ግን ሕግ አለው። ድሮ ሰዎቹ በሐሳብ ተጣልተው ሊበታተኑ ደርሰው ነበርና፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብለው የተስማሙበት ሕግ ነው። ማንም ሰው አንድን ሐሳብ ከመቃወሙ በፊት ሐሳቡን በራሱ አፍ አሳምሮ ይናገራል። ባለ ሐሳቡ «አዎ፣ ይኸው ነው» ካለው መቃወም ይችላል። «አይደለም» ካለው እንደገና ይሞክራል። በሦስተኛውም ካልሆነለት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሐሳቡ ያለ እሱ ለድምፅ ይቀርባል። ይኼ ሕግ የስንቱን አፈ ጮሌ አፍ እንዳስያዘ ብነግራችሁ አይመሽልንም። ሕጉ ሲወጣ ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው ራሷ የቀን እናት ነበረች። መቼስ ሕግ በሌላው ላይ ሲሆን ደስ ይላል።

ንዴቷ ሳይበርድ ጻፈች። «ሐሳብ አቅራቢው የራሱን ፓኬጅ ለማስገባት ስለቋመጠ የቆየውን ማስወጣት ግድ ሆኖበታል።»

መልሱ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ መጣ። «አይደለም።»

ውይይቱን የሚመራው፣ «ዳኛው» የሚሉት ሽማግሌ፣ ከሥር አከለበት። «የቀን እናት፣ የጠየቅንሽ ሐሳቡን ነው እንጂ ሐሜቱን አይደለም።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ በጽሑፍ ነው፤ ግን ያው ሳቅ ነው፣ ፊቷን አቀላው።

ሁለተኛውን ስትጽፍ ቀልዱን ትታ እውነቷን ገባችበት። ፓኬጁ ዘገምተኛ ነው፤ ከብዷል፤ እዚህም እዚያም ተለጥፎበት ውስጡ የማይነበብ ሆኗል። የገዛ ልጅን ጉድለት በአደባባይ መዘርዘር ነው፣ ቀላል አይምሰላችሁ። ቀኑን ሙሉ ፈጀባት። ስትጨርስ ግን በራሷ ኮራች፤ ከእሱ አብልጬ ጻፍኩለት አለች በሆዷ።

«ያሉት ሁሉ ልክ ነው» ሲል መለሰ ቀጭኑ። «የኔ ሐሳብ ግን እሱ አይደለም። የእርስዎ ፓኬጅ ጥሩ ነው።»

ይኼኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አናደዳት። ጥሩ ከሆነ ታዲያ ምን ፈለገ? አንድ ዕድል ቀርቷታል። እሱም ካመለጣት፣ የዕድሜ ልክ ሥራዋ እሷ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ይወጣል።

በማግስቱ ምሳ ላይ ሰሃኗን ገፋ አደረገች። እህቷ አየቻት፣ አየቻትና፣ «አሁን የሚሉሽ ምንድን ነው? ለኔ በሚገባኝ ንገሪኝ» አለች።

«ጥሩ ነው፣ ግን ይውጣ ነው የሚሉኝ።»

«ጥሩ ነው፣ ግን ያንቺ ብቻ ነው ማለታቸው ይሆናላ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አምና ለሐሞት ጠጠሩ ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

እንዴት አይላት። ስታወራው የማይሰለቻት ታሪኳ ነው። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረው ቀን መጥታ፣ ፓኬጁ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ድርቅ አለ። ከመታመሟ በፊት ራሷ ነካክታው ነበር። በእሱ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ሁሉ ቆመ፣ የክሊኒክ ቀጠሮ ጠፋ፣ ሰው ተንጫጫ። ማስተካከያ የሚወጣበት የይለፍ ቃል ያለው ደግሞ በእሷ እጅ ብቻ ነው። ከአልጋ ሆና ለእህቷ እየነገረቻት አስተካከለችው። ተኝቼ እንኳን አዳንኳቸው እያለች ስንቱን አስቃበታለች።

«አንቺ ትስቂበታለሽ» አለች እህቷ። «እኔን ግን አያስቀኝም። ግሉኮስ ተሰክቶልሽ፣ ዓይንሽን መግለጥ አቅቶሽ ፊደል በፊደል ትነግሪኛለሽ። እኔ መርፌ እንጂ ይኼን መች አውቃለሁ? ነርሷ ትቆጣኛለች። ብትሞችብኝስ እያልኩ ነበር የምጽፈው። እነዚያ ሰዎችስ? አንቺ ባትነቂ ምን ሊሆኑ ነበር?»

የቀን እናት እንጀራውን ሳትጎርስ ቆራረሰች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለች እህቷ ቀለል አድርጋ። «አንቺ ሞኝ አይደለሽም። ብዪ፣ ብዪ አሁን።»

አልበላችም። ተነሥታ የዚያን ጊዜውን ምልልስ ከመድረኩ ላይ ፈልጋ አነበበች። ማስተካከያውን የሠራው ሌላ ሰው ነበር፤ እሷ ከአልጋ ሆና ያስጻፈችው የይለፍ ቃሉንና ማስገቢያውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ችግሩ በተፈጠረ በሰዓቱ ጽፎ ጨርሶ፣ «ዝግጁ ነው፣ እባክዎ ያስገቡልን፣ በሽተኞች በር ላይ ቆመዋል» ብሎ ለምኗል። ደጋግሞ ለምኗል። ጸሐፊው ቀጭኑ ነው። ከሥሩ የእሷ አንድ ቃል አለች፦ «አስተካክያለሁ።» ምስጋና የለ፣ ስሙ የለ። አፈረች። ማንም ሳያያት፣ ብቻዋን፣ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

ሦስተኛውን ስትጽፍ ጊዜ አልፈጀባትም።

«ሐሳቡ ፓኬጁ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። አንድ ሰው ቢታመም ብዙ ሰው መቆም የለበትም የሚል ነው። እኔ ሌላ ሰው አላስገባም ብዬ ይዤዋለሁ። እንግዳ እንዳያበላሸው ነው እያልኩ ኖሬያለሁ፤ እውነቱ ግን ያለኔ አለመሆኑን እወደው ነበር። አምና ችግሩን ያስተካከልኩት እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ።»

በዚህኛው ቀጭኑ ቆየ። የእህቷ የስፌት መኪና አንዱን እጅጌ ጨርሶ ሌላውን ጀመረ። ከዚያ መጣ። «አዎ፣ ይኸው ነው። አመሰግናለሁ።»

ዳኛው፣ «የቀን እናት፣ አሁን መቃወም ትችያለሽ» ብሎ ጻፈ። ሁሉም ጦርነቱን ይጠብቃል።

የአዲሱን ፓኬጅ ገጽ ከፍታ አየችው። ሥራው ያማረ ነው፤ እንደ ስሙ ቀጭን ነው። ማስተካከያ የማስገባት ሥልጣን ያላቸው የሚጻፉበት፣ «ጠባቂዎች» የሚለው ሥር ግን አንድ ስም ብቻ ተጽፏል፤ የራሱ የቀጭኑ። ሳቋ መጣ።

«አንድ ተቃውሞ አለኝ» ብላ ጻፈች። «አዲሱም ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው። እኔን ያሳመመኝ በሽታ አንተን አያውቅህም? ሁለት ሰው ጨምር። እኔ ልሁን አላልኩም።»

«እውነት ነው፣ እኔም አላየሁትም» አለ ቀጭኑ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ስም ተጨመረ፤ ሁለቱም የታወቁ፣ ታታሪ ሰዎች ናቸው። የእሷ ስም የለበትም።

እዚህ ላይ ነው የከፋት። እኔ ልሁን አላልኩም ያለችው እሷው ናት፤ ሰዎቹ ቃሏን አከበሩ እንጂ ምን በደሏት? ግን ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» የሚለው «ኧረ በሞቴ» እስኪባል ነው። መድረክ ደግሞ በሞቴ አያውቅም፤ የጻፍሽውን ነው የሚወስድልሽ። እንባዋ መጣ። ቢሆንም፣ ድምፅ ሲሰጥ «እስማማለሁ» የሚለውን በገዛ ጣቷ ነካች።

«ምን ሆነ?» አለች እህቷ ቀና ብላ።

«አለቀ። ወጣሁ።»

«ቆዪ አላሉሽም? አልለመኑሽም?»

«አልለመኑኝም።»

እህቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «አንቺስ ለምነሻቸዋል?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቱን «ገና ነህ» ብላ ከደጅ መልሳለች፤ እሷ ግን የማንንም ደጅ አንኳኩታ አታውቅም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። የላከችው አጭር ነው። «ቀጭኑ፣ እኔም ብሠራ ደስ ይለኛል። ታስገቡኛላችሁ?»

«በደስታ» ሲል መለሰላት። «ግን ሥራዎን ለጊዜው ሌላ ሰው እያየው ነው የሚገባው። ለማንም ሰው እንደሚደረገው።»

እንደ ማንም ሰው። ደግማ አነበበችው። አመማት፤ አልዋሽም፣ አመማት። ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ዝቅ ብላ፣ «እሺ፤ ከየትኛው ልጀምር?» አለችው።