ፀገነት የቆለፈችው በር

ፀገነት ሌባ ትፈራለች። ብትፈራም አይፈረድባትም፤ ባለፈው ዓመት ወሮታ ካለው የልብስ ሱቋ በጓሮ በር ገብተው ስንት ጥልፍ ቀሚስ ይዘውባት ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በሩን በጣውላ አስቸንክራ ዐረፈች። ዐረፍኩ አለች እንጂ፣ የእሷ ተፈጥሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

ጥቅምት ላይ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው ኃይለ ሚካኤል መጣ። በተከመረው ልብስ መሀል እየተሽሎከለከ ጓሮ ሲደርስ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ያቀረቀረችውን ልብስ ሰፊዋን አማከለችን አየ፤ መተላለፊያው ላይ የተገተረውን የካውያ ጠረጴዛ አየ፤ የተቸነከረውንም በር አየ።

«ወይዘሮ ፀገነት፣ እሳት ከዚህ ካውያ ቢነሳ ይቺ ልጅ በየት ትወጣለች?»

«እሳት እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«ሲመጣ አያማክርዎትም» አለና በሩን እንድታስከፍት ሁለት ሳምንት ሰጣት።

አናጺ ጠርታ ጣውላውን አስነቀለች። ኃይለ ሚካኤል ተመልሶ በሩን ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው፤ ፈረመላትና ሄደ። ገና መንገዱን ሳይሻገር ፀገነት ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር አውጥታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። መቀርቀሪያ ብቻማ ቢሆን፣ አማከለች ሳትቀረቅረው ብትሄድስ? ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። አማከለች አየቻት፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀገነት ሐሙሲት ለቅሶ ልትደርስ ሚኒባስ ተሳፈረች። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ግራና ቀኝ ሩዝ አጫጁ ጎንበስ ቀና ይላል፤ እሷ ግን ሱቁን ለአማከለች ትታ የመጣች ብትሆንም፣ የጓሮው ቁልፍ አለ እንደሆነ ዐሥር ጊዜ አንገቷን ትዳስሳለች። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ አምፖል በጠራራ ፀሐይ ቦግ ሲል አየች። መብራት መጣ።

አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። ጠዋት መብራት የጠፋው አማከለች ቀሚስ እየተኮሰች ሳለ ነው። ካውያውን ከሶኬቱ ነቅላዋለች? ወይስ ቀሚሱ ላይ እንደተጋደመ ነው?

ለአማከለች ደወለች። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። ደገመች። የለም።

«ወራጅ አለ!»

መንገድ ተሻግራ ቆመች። የሚመጣው መኪና ሁሉ ሰውና ማዳበሪያ ሞልቶታል። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር አዘነላትና ከጎኑ አስቀመጣት።

«ምነው እናቴ፣ ደህና አይደሉም?»

«ንዳው ልጄ፣ ዝም ብለህ ንዳው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን ያልፈራችው እሳት ሊደርስባት ነው። የቁሐሩን ሚካኤል ጠራችው፤ ስለቱንም ከአንድ ጃንጥላ ወደ ሁለት ከፍ አደረገችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌባ ተመኘች፤ ያንን በር ሰብሮ የሚገባ አንድ ደህና ሌባ። ቁልፉ ደረቷን ያቃጠላት መሰላት።

ወሮታ ስትደርስ ጭስ የለም። ነጠላዋ መሬት እየጠረገ እየሮጠች ገባች። ካውያው ተነቅሎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ቆሟል። አማከለች ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ረስታ የስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች።

ፀገነት በቀጥታ ወደ ጓሮው በር ሄደች። ቁልፉን ከአንገቷ ሳትፈታ ብትሞክር አልገባ አላት። በንዴት ጓጉንቸሩን ይዛ ብትስበው፣ ከነቀለበቱ ከነምስማሩ እጇ ላይ ቀረ። በሩ በራሱ ተከፈተ።

አማከለች የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ፀገነት፣ ጓጉንቸሩን እንደያዘች።

«በቆለፉበት ቀን ነው እትዬ። እርስዎ ምሳ ሲሄዱ ምስማሩን በመቀስ ነቀልኩና ላላ አድርጌ መልሼ ሰካሁት።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ! ምነው ብትነግሪኝ?»

አማከለች ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ብነግርዎት ከዚህ የባሰ ጠንካራ ይገዙ ነበራ።»

ፀገነት ጓጉንቸሩን በእጇ መዘነችው። እውነቷን ነው፤ ትገዛ ነበር።