አዳነ እንደተረጎመው

መሰለች ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ የሄደችው ለሳቅ ነበር። ለሌላ ለምንም አልነበረም።

«ግማሽ ጣራ» የሚባለው የድሮ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መታየት ካቆመ ዘመናት ቢያልፉም ወዳጆቹ አሁንም በቴሌግራም ተሰባስበው ጠዋት ማታ ስለሱ ያወራሉ። የጉራጌ አካባቢ ሰዎች ደግሞ የራሳቸው ቡድን አላቸው። በጽሑፍ ሲሳሳቁ ከርመው አንድ እሁድ በአካል እንገናኝ ተባባሉ፤ ቦታው ቡታጅራ፣ የዘይባ ወንድም ጭማቂ ቤት። መሰለችም የፎቶኮፒ ሱቋን ዘግታ፣ ባሏ ግሩም «ለዚህ ብለሽ ነው መንገድ የምትገቢው?» እያለ እያጉረመረመ፣ ሄደች።

ወሬውን የያዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ዘይባ የመስቃን በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ሳቋ ከቁመቷ ይበልጣል። ሱራፌል ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ ቡታጅራ የቀረ መምህር ነው፤ የድራማውን ክፍሎች በሙሉ ስልኩ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ተዋናዮቹ የረሱትን እሱ አይረሳም።

«የኔ አባት ቴሌቪዥን ቤቴ አይገባም ያለ ሰው ነው» አለች ዘይባ። «እኔ ደግሞ እሁድ አመሻሽ ላይ ሁሌ ዶሮ ይጠፋብኛል። ፍለጋ ብዬ ወጥቼ ጎረቤት መስኮት ስር እቆማለሁ። ወላሂ፣ አንድ ቀን አባቴም ዶሮ ሊፈልግ ወጥቶ መስኮቱ ስር ተገናኘን!»

ጭማቂ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሱራፌልም ተማሪ ሳለ ለፈተና የሚያጠናውን ትቶ የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የጋሽ ድፋባቸውን ንግግር ሲሸመድድ እንደከረመና ፈተናውን እንደወደቀ አወራ። አሁን ተማሪዎቹ ሲያስቸግሩት ያንኑ ንግግር ይለቅባቸዋል።

«አንቺስ መሰለች?»

መሰለች ያደገችበት ጉንችሬ፣ የኪዱ ሻይ ቤት ነው ያየችው። ሕፃን ሆና፣ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ።

«እኔ ከሁሉም የምወደው» አለች፣ «እትዬ ወለላ ሻንጣዋን ይዛ፣ ‹ለመስቀል እመጣለሁ› ብላ፣ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ አገና የምትሄድበትን ነው።»

ለምን ያንን እንደምትወደው ግን አልተናገረችም። የእትዬ ወለላ ቃል የእናቷ ቃል ነበር። እናቷ ከቤት የወጣችው መሰለች ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው፤ ወጥታም ቀረች። ከእናቷ የቀራት አንድ ትዝታ ብቻ ነው፦ ሻንጣ፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ እና «ልጅቷን ለመስቀል እመጣለሁ በላት» የሚል ቃል። ለየትኛው መስቀል እንደሆነ አልተባለም። ስለዚህ መሰለች ተድራ ወልቂጤ ከገባች በኋላ እንኳ አንድም መስቀል ከአባቷ ቤት ቀርታ አታውቅም። የግሩም ቤተሰቦች «ምራታችን ናቀችን» ብለው አኩርፈዋል። ግሩምም ዘንድሮ «ወይ ከኔ ጋር፣ ወይ ብቻሽን» ብሏታል። እሷ ግን አንዲት እናት ቃል ሰጥታ፣ መጥታ በር ብታንኳኳና ልጇን ብታጣስ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። መሰለች ሞኝ አይደለችም፤ የያዘችው ግን ይኼው ነው።

«አገና?» አለ ሱራፌል። «ድራማው ውስጥ አገና የሚባል ቦታ የለም።»

«አለ እንጂ! ጋሽ ድፋባቸው በአንድ እግር ጫማ ሲከተላት...»

«እሱማ አለ። ግን ጥላው እየሄደች እኮ ነው።»

«ማን? ወለላ? ምን ሆና?»

ተፋጠጡ። ዘይባ «ከሌላ ክፍል ጋር ተምታቶባት ይሆናል» ብላ ልታስታርቅ ሞከረች። ሱራፌል ግን በዚህ ጉዳይ የሚታረቅ ሰው አይደለም፤ ስልኩን አውጥቶ ከፈተው።

ሻንጣው መጣ። ጋሽ ድፋባቸው በአንድ እግር ጫማ እያነከሰ ከኋላ መጣ። እትዬ ወለላ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። መሰለች ይህን ትዕይንት በአማርኛ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር፤ አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው።

«በቃኝ!» አለች እትዬ ወለላ። «ልጅቷም እንዳትጠብቀኝ። አልመለስም በላት።»

ሰዉ ሳቀ፤ ጋሽ ድፋባቸው ሁለተኛውን ጫማ እሷ ላይ ሊወረውር ፈልጎ አጥቶታልና። መሰለች አልሳቀችም።

«ተቆርጧል» አለች። «‹ለመስቀል እመጣለሁ› የምትለው ጋ ተቆርጧል።»

«የምን መስቀል? ምንም አልተቆረጠም።»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«ግን በምን ቋንቋ ነው የሰማሽው?» ዘይባ ጠየቀቻት።

«በጉራጊኛ ነዋ!» አለች መሰለች፤ ብላም ራሷ ደነገጠች። «አባቴ... ሻይ ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ እሱ ብቻ ስለነበረ ለሁላችንም ይተረጉምልን ነበር።»

«በይ እንግዲህ ደራሲው አባትሽ ናቸው!» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷም አብራ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ግን ስልኩ ላይ የቆመውን ምስል አየች። ከእትዬ ወለላ ኋላ ያለው በር የብረት በር ነው። ሰማያዊ። እነሱ ቤት መቼ የብረት በር ኖሮ ያውቃል?

በማግስቱ ጠዋት ጉንችሬ ወረደች። ሌሊቱን ሁሉ ሻንጣ ይዛ የወጣችው እናቷ ትሁን ወለላ ሲምታታባት ነው ያደረችው። አባቷ አዳነ ጓሮ፣ እንሰቱ ስር ሲኮተኩት አገኘችው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰችም።

«አባ፣ እትዬ ወለላ ምን ነበር ያለችው?»

«የማን ወለላ?» ሽማግሌው መኮትኮቻውን ጣለ። «ሞተች እንዴ?»

እስኪገባው ብዙ ፈጀ። ሲገባው ፈገግ አለ።

«እኔ ምን አውቄ? አማርኛ መቼ እሰማ ነበር?»

«እንዴት አትሰማም! አዲስ አበባ ስንት ዓመት ኖረህ አልነበረም እንዴ?»

«መርካቶ ነበርኩ እንጂ። ጠዋትም ማታም ከአገሬ ሰው ጋር። አማርኛ ከማን ልማር? ‹ስንት ነው› እና ‹አይቀንስም›፣ እነሱን ነው የማውቀው። ስመለስ ሰዉ አማርኛ ያውቃል ብሎ አከበረኝ። ከተከበርኩ በኋላ ‹አላውቅም› ብል ውርደት፣ ልተርጉም ብል ውሸት። የሰዎቹን ፊት እያየሁ የመሰለኝን እናገር ነበር። ደግሞ ይስቁ ነበር እኮ!» አለ፣ አሁንም ኩራቱ ሳይለቀው።

መሰለች ልትቆጣ ነው፣ ልትስቅ ነው፣ ለራሷም አልገባት አለ።

«ሻንጣ የያዘችዋስ ሴት?»

ፈገግታው ጠፋ።

«እናትሽ ከሄደች ሳምንት አልሞላትም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሴትዮዋ ሻንጣ አንስታ ስትወጣ ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው እሷን ትቶ እኔን አየኝ። አንቺም ጉልበቴ ላይ ሆነሽ ቀና ብለሽ፣ ‹አባ፣ ምን አለች?› አልሽኝ። ምን ልበል?»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አዳነም ለጭንቁ መስቀልን አገባ።

«እናቴ ራሷስ ስትሄድ ምን አለች?»

«እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ የለችም። ለኔ ምንም አላለችኝም።»

መሰለች አሁን ተናደደች። እንባዋም መጣ።

«በየዓመቱ መንገድ ዳር ቆሜ ‹ትመጣለች፣ ብላኛለች› እያልኩ ስለፈልፍ አንተ ዝም? ከባሌ ስጣላ ዝም?»

አዳነ እጁ ላይ ያለውን አፈር አራገፈ። ቁጣዋ ግራ ያጋባው ይመስል ነበር።

«የመጀመሪያው ዓመት ልነግርሽ ነበር። ጨከንኩ አልጨከንኩ ስል አለፈ። በኋላ ግን እንዲያ እርግጠኛ ሆነሽ፣ ስለ ሻንጣው፣ ስለ በሩ ሁሉ ስትናገሪ...» አለና ቀና ብሎ አያት። «ቤት የነበርሽው አንቺ ነሽ። ለኔ ባትነግረኝም ላንቺ ነግራሽ ሄዳ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔም እጠብቃለሁ።»

መሰለች ዞራ የቤቱን በር አየች።

«አልነገረችሽም እንዴ?»