አንድ ሳፋ ብሎን

ጋራዥ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት «ሙሽሪት» የሚል ስም ወጣልኝ። ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት ስለማይ ነው። ስሙን ያወጣልኝ ግራሶ ነው። እሱንም እናቱ ግራሶ ብላ አልጠራችውም፤ ቱታው ላይ ያለው ቅባት ተጨምቆ ለአንድ የጭነት መኪና ይበቃል እያሉ ነው የሰየሙት። ሥራ የሚያስተምረኝ እሱ ነበር።

«ሙሽሪት፣ ቀና በይ! እዚህ የሚድርሽ የለም» ይለኛል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ና እስቲ፣ ይህችን ያዝ» ብሎ መፍቻ ያቀብለኛል።

ከግራሶ መጀመሪያ የተማርኩት ብሎን አፈታት ሳይሆን ብሎን አቀማመጥ ነው። በግድግዳው ሥር ባዶ የወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል። የራዲያተሩ ብሎን ለብቻው ጣሳ አለው፣ የውሃ ፓምፑ ለብቻው፣ የካምቢዮው ለብቻው። «ብሎን እንደ ቤተ ዘመድ ነው፤ አንዴ ከተደባለቀ አስታራቂ አያገኝም» ይላል። ተመልሶ የሚገጠም መኪና ሲፈታ ጣሳው ብዙ ነው። ተበታትኖ የሚሸጥ ሲሆን ግን ማን ይለፋል? ብሎኑ ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ይወረወራል።

አባቴ ሾፌር ነበር። ስኳር ዓይኑን ከወሰደበት በኋላም ሰፈርተኛው «ሾፌሩ» እያለ ነው የሚጠራው። ሚኒባሱ ግቢያችን ውስጥ ከቆመች ቆይታለች። ለመጨረሻ ጊዜ በነዳት ዕለት ውሃ ጨርሳ ሞተሯ ጋለ። ሙቀት የሚያሳየው ቀስት ቀዩን ሲያልፍ አባቴ አላየውም። ዓይኑ መድከሙን ያን ጊዜ ለማንም አልተናገረም ነበር።

ሥራ ስይዝ ከሁላችንም በላይ የተደሰተው እሱ ነው። «በቃ፣ ተነሣች በሏት!» አለ። «አንተ ትጠግናታለህ፣ አንተ ትነዳታለህ፣ እኔ ረዳት ነኝ።»

«ደግሞ ዓይነ ስውር ረዳት የት ታየ?» አለች እናቴ እየሳቀች።

«ምን አለበት? ረዳት የሚሠራው በጉሮሮው ነው። ደግሞ ቆንጆና መልከ ጥፉ ሳልለይ ሁሉንም እኩል አስተናግዳለሁ!»

ባለጋራዡ ሚኒባሷን አስጎትቶ አመጣት። ግራሶ የሞተሩን ክዳን አነሣና ባትሪ አብርቶ ጎንበስ አለ። ከንፈሩን መጠጠ። «ና እይ» አለኝ። ከአንዱ ፒስተን ቤት ወደ ሌላው የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። በጥፍሬ ዳሰስኩት።

«ይኼ ተበይዶ የሚድን አይደለም» አለ። «ሌላ ሞተር እንግዛላት ቢባል ደግሞ ዋጋው ከራሷ ይበልጣል። ዕቃ ዕቃዋን መሸጥ ነው የሚሻለው።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ያንኑ ሳህን ደጋግማ አሸችው።

«ይሸጥ» አለች በመጨረሻ። «ለአባትህ ግን ትንፍሽ እንዳትል። የገዛ ዓይኑ እንደ ገደላት ከሰማ፣ እሱም አብሯት ነው የሚሞትብኝ። እኔው ደህና ቀን ፈልጌ እነግረዋለሁ።»

ደህና ቀን አልተገኘም። ሚኒባሷን መፍታት ስንጀምር «ጣሳ ላምጣ?» ብዬ ግራሶን ጠየቅሁት።

«ለምኑ?» አለኝ። ከዚያ የማን መኪና እንደሆነች ትዝ አለውና ፊቱን አዞረ። «ሳፋው ይበቃታል።»

ማታ ማታ አባቴ የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ከአልጋው ቀና ይላል። «እህ፣ የት ደረሳችሁ?»

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

«ደህና ነው መልስ ነው እንዴ? ካምቢዮው ወረደ?»

«ወረደ።»

ውሸት አልነበረም። ወርዶ ተሸጧል። የቀረውን ልነግረው አስቤ አፌን እከፍታለሁ፤ እሱ ግን መስኮቶቿ በስንት ክረምት አንድ ጠብታ ውሃ አስገብተው እንደማያውቁ ማውራት ጀምሯል። ድሮም ቃል ያጥረኛል፤ አባቴ ደስ ሲለው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሚኒባሷ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ሞተሩን የያዙትን ብሎኖች እፈታ ነበር። የፈታሁትን ወደ ጎን እወረውራለሁ፤ ሳፋው ይጮኻል። አሁንም እወረውራለሁ፤ አሁንም ይጮኻል። ድንገት የግራሶን ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ አልነበረበትም።

«ሙሽሪት፣ ውጪ።»

ተንፏቅቄ ወጣሁ። አባቴ ከሳፋው አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል ይዟል። ታናሽ እህቴ ከኋላው ቆማለች። «ካልወሰድሽኝ አለ እኮ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«አባዬ! መቼ መጣህ?»

«ቆየሁ። ሥራ እንዳላስፈታህ ብዬ ዝም አልኩ።»

«እየሠራን ነው» አልኩት።

«ይሰማኛል።» ፊቱን ወደ ሳፋው መለሰ። «ስንት ጣሳ ይዛችኋል?»

ግራሶን አየሁት። እሱም እንደ እኔ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ብዙ ነው፣ አባዬ።»

«እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነው።»

ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ በር ላይ ተቀምጦ መኪናው እስክትሠራ የጠበቀ ሰው ነው። ሳፋ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በፊት ያውቃል። እጁን ሰድዶ ብሎኖቹን ዘገነ፤ ትልቁን ከትንሹ በጣቱ ለየና አንድ በአንድ መልሶ ጣላቸው።

«ውሰደኝ» አለኝ።

እጁን ይዤ ወደ ሾፌሩ በር አስጠጋሁት። እንደ ልማዱ ለመቀመጥ አንድ እግሩን አነሣ።

«ወንበሩ የለም!» አልኩ ፈጥኜ። «ትናንት ወስደውታል።»

እግሩን ቀስ ብሎ አወረደ። ባዶውን ወለል በመዳፉ ዳበሰው።

«ሞተሩ ተሰንጥቋል?»

«አዎ።»

«ቀስቱን አላየሁትም» አለ። «ሽታው ግን ሸቶኝ ነበር። ብቆም ሰው ይሰበሰባል፤ እነሱ ያዩትን እኔ እንዳላየሁ ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ቤት ልድረስ እያልኩ ነዳኋት።»

«ጋሼ፣ ሞተር ነው እኮ፤ ያረጃል» አለ ግራሶ።

«አላረጀችም» አለ አባቴ።

ባለጋራዡ ከቢሮው ብቅ ብሎ የሞተሩ ገዢ መድረሱን ጮኾ ተናገረ። እኔ መፍቻውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ፍታ እንጂ» አለኝ አባቴ። «ሰው አታስጠብቅ።»

ተመልሼ ከሥሯ ገባሁ፤ የመጨረሻው ብሎን ዝጎ እምቢ አለኝ። ታገልኩት። እጄ ተንሸራትቶ ጣቴ ተላጠ። አባቴ ትንፋሼን እየሰማ፣ «መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው፤ ከዚያ መልሰው» አለ። እንዳለው አደረግሁ። ቀጭን ድምፅ አሰማና ለቀቀ።

ግራሶ የማንሻውን ሰንሰለት መሳብ ጀመረ። አባቴ መዳፉን ከፊት በኩል አካሏ ላይ አሳርፎ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ወደ ላይ ሲወጣ ክብደቱ ስለቀለላት የሚኒባሷ አፍንጫ ከጎማዎቹ ላይ ቀስ እያለ ከፍ አለ። የአባቴም እጅ አብሮ ከፍ አለ። ሞተሩ ተጭኖ እስኪሄድ ድረስ እጁን አላነሣም። እኔም ላነሣለት አልደፈርኩም።

ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ወደ እኔ ዘረጋ። በቅባት ጠቁረዋል። «እጠበኝ። እናትህ እንዳታይ።»

«ትንገርህ እንጂ፣ አባዬ። እሷም ከብዷታል።»

«ደብቃኝ ስትከርም ሳታለቅስ አልቀረችም። አሁን ደግሞ ዐወቀ ብላ እንድታለቅስ አልፈልግም።»

ግራሶ ናፍጣ አመጣ። የአባቴን ጣቶች አንድ በአንድ በናፍጣ፣ ቀጥሎም በሳሙና አሸሁለት። ከልጅነቴ ወዲህ እጁን እንዲህ ይዤው አላውቅም። በመንገዳችን ላይ ለእህቴ ከረሜላ ገዝተን አፏን ዘጋንላት።

ራት ላይ እናቴ ሾርባውን ከፊቱ ልታስቀምጥ ጎንበስ እንዳለች ቆም አለች።

«ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።»

«ልጅሽ ነዋ» አለ አባቴ። «ሰው መካኒክ ወልዶ ሽቶ ይጠብቃል?»

እናቴ አየችኝ። ቱታዬን ጋራዥ ሰቅዬ፣ ገላዬን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ቀጥላ የአባቴን እጅ አየች። ከጥፍሮቹ ሥር ጥቁሩ አልለቀቀም።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች።

ማንኪያውን አነሣችና እጁ ውስጥ አስያዘችው። ጣቶቹን በራሷ ጣቶች ከደነቻቸው፤ ቶሎም አልለቀቀችውም።