ምሳሌ አራት፣ ግነት

ስርጉት ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል ብታቋርጥም፣ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን አሳይመንት መተየብ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። ተነጻጻሪ ዘይቤን ከተለዋጭ፣ ሰውኛን ከእንቶኔ መለየት ማንም አላስተማራትም፤ የሰነፉንም የጎበዙንም ጽሑፍ በጣቷ አሳልፋ ያወቀችው ነው። በየዓመቱ "ልጅቷ ጨረቃ ትመስላለች" የሚል ምሳሌ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። "ይቺ ጨረቃ ዘንድሮም አልጠለቀችም?" እያለች ትተይብላቸዋለች።

ሐሙስ ከሰዓት አምላኩ የሚባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አምስት ገጽ የእጅ ጽሑፍ አምጥቶ ፊቷ አኖረ። መምህሩ ከመጽሐፍ መገልበጥ ከልክለዋል፤ ስድስት ዘይቤ፣ ስድስት ምሳሌ፣ ሁሉም ከሰው አፍ የተሰማ። ማስረከቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

"የኔ ላይ ጨረቃ የለችበትም" አላት ኮራ ብሎ።

"እናያለን።"

እስከ ሦስተኛው ምሳሌ ድረስ ጣቷ ሮጠ። አራተኛው ላይ ቆመ።

ምሳሌ 4፣ ግነት። ከጉና ማዶ፣ ለቅሶ ላይ ከአልቃሽ የተቀዳ፦

እናት ልጅ በጀርባህ ጉናን ያሻገርከው፣
ዛሬ ምን ከበደህ ተሸከሙኝ ያልከው።

ማብራሪያ፦ አንድ ሰው እናትና ልጅ አዝሎ ጉናን መሻገር ስለማይችል፣ አልቃሿ ሟቹን ለማወደስ ከእውነታው በላይ አጋናለች።

ሟቹ አባቷ ነበር። ከተቀበረ ሁለት ወሩ ነው፤ የለበሰችው ጥቁር ገና አልነጣም።

አልቃሿ እትዬ ፈንታነሽ ናቸው። ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጠው "ምን ሠራ? ማን አየ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ምስክር ያልቆመለትን ነገር ከአፋቸው አያወጡም። ያን ዕለትም "ጉና" ሲሉ ከለቀስተኛው መሐል አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ጀርባው ላይ" ብላ ነበር። አምላኩ ከለቀስተኛው ዳር ቆሞ ሙሾውን በስልኩ ሲቀዳ ሴትዮዋን አላያትም ነበር።

"ይሄን አልተይብም" አለች ስርጉት።

"ምነው፣ ጽሕፈቴ አይነበብም?"

"ይነበባል። ውሸት ነው።"

"እሱንማ እኔም ጽፌዋለሁ። ግነት ነው።"

"ውሸቱ የሙሾው አይደለም፣ ያንተ ነው።"

አምላኩ ሳቀ። "እህቴ፣ አንቺ ተይቢ፤ ማረሙን ለመምህሩ ተዪው። ጉና እኮ አራት ሺህ ሜትር ነው።"

"ሜትሩን አንተ አዝለህ ለካኸው?"

ዝም ብላ ብታስተካክለው ትችል ነበር፤ የስንቱን ስሕተት ሳትነግረው አርማለች። ግን እሱ ይቺን በር ሲወጣ አባቷን በውሸት የተሞገሰ ሰው እንዳደረገ ይወጣል። ስልኳን አንስታ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እትዬ ጌጡ፣ እንደምን ዋሉ? አንድ ተማሪ፣ እርስዎ ታዝለው ጉናን ተሻገሩ የሚባለው ውሸት ነው ይላል።"

"ማነው እሱ? ይምጣና ጎኔን ይየው" አለች ሴትዮዋ። "ሞላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያዘለኝ ጊዜ መቀነቱ የላጠኝ ዛሬም ብርድ ሲሆን ይቆጠቁጠኛል። በወለድኩ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ደሙ አልቆም ብሎኝ። መኪና የት ነበረና ያኔ። ወንዱ ሁሉ ገበያ ወርዶ ቃሬዛ የሚይዝ ጠፋ። ልጄን በኔ ደረትና በሱ ጀርባ መሐል አጣብቀው አሰሩልን። ሰባት ጊዜ አረፈ። ሦስቱን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ፣ ሽንቴ እየመጣ። ይሄንንም ይጻፈው።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አምላኩ ቀና ሲል ጥቁሩን ልብስ አየ።

"አባትሽ ናቸው?"

"አዎ።"

"እግዜር ያጥናሽ። እኔ አላወቅኩም።"

"አለማወቅህንማ ጽፈኸዋል፤ ማብራሪያ ከሚለው ሥር።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል እጇን ጫነችበት።

"ተወው። የሞተን ሰው እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር ምን ይባላል?"

"እንቶኔ።"

"እንቶኔ ላይ ምን ጽፈሃል?" የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። 'አንቺ ጨረቃ ሆይ' ይላል። ቀና ብላ አየችው።

"ማታ ነው የጨመርኳት" አለ አምላኩ። "ጠፍቶኝ።"

"እንግዲህ ትውረድ። ሙሾው እዚህ ይገባል።"

"ግነትስ? አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ።"

"ከኔ አፍ የሰማኸውን ጻፍ። የናንተን ጨረቃ ስተይብ ፀጉሬ ሸበተ።"

ፀጉሯን አየ፤ ከሰል ነው። "ይሄ ግነት ነው" አለ፣ ፈራ ተባ እያለ።

"አየህ፣ አንዱን አገኘኸው።"

ሙሾውን እንቶኔ ሥር ተየበችው። "ተሸከሙኝ ያልከው" የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ዘገየ፤ አምላኩ ወደ መንገዱ ዞሮ ቆመላት። ከግርጌ አንድ መስመር ከራሷ ጨመረች፦ "ለሞላ የተለቀሰ። ምስክር፦ ጌጡ፣ ያኔ በጀርባው ላይ የነበረች።"

የአባቷ ስም ሁለት ፊደል ነው። ከማተሟ በፊት ሁለቴ አየችው፣ እንዳይሳሳት።