አራት ቺፕ ለአንድ ኪስ

መሐንዲሷ ታላቅ ወንድሟን «ጋሼ» ነው የምትለው። ጋሼ አናጢ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመጋዝ ማሽኑ ጋር ሲጯጯህ ኖሮ በመጨረሻ መጋዙ አሸነፈና ጆሮው ደከመ። አንድ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረው ይሰማል። ሦስት ሰው ካወራ ግን ድምፁ ሁሉ በአንድ ጣሳ እንደ ተቀላቀለ ምስማር ይሆንበታል፤ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ገበታው ሞቅ ሲል ሳህኑን ይዞ ጓዳ መግባት አመጣ። ቁጭ ባለ ጊዜም ሚስቱ እዚያው ፊቱ ታማዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እዚያ ቤት ተረቱ ተረት መሆኑ ቀርቶ ነበር።

መድኃኒቱ መሐንዲሷ በምትሠራበት ላቦራቶሪ ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ፕሮሰሰር የሚባሉ አራት ቺፖች ከአራት ማይክሮፎን የሚመጣውን ድምፅ ተከፋፍለው ያጠሩትና የሰውን ንግግር ከጫጫታው ለይተው ወደ ጆሮ ማዳመጫ ይልኩታል። ችግሩ መሣሪያው ሻንጣ ማከሉ ነው። ሻንጣ ይዞ ገበታ የሚቀርብ ደግሞ እንግዳ እንጂ አባወራ አይደለም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ «እስከ ወሩ መጨረሻ ኪስ ካልገባ ቺፖቹን ለሌላ ሥራ እሰጣቸዋለሁ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንድፉ አናት ላይ «የኪስ» የሚል ቃል ተጻፈ። ጉድ ያፈላው ያ ቃል ነው።

የሥራ ባልደረባዋ «ሚሊሜትር» ይባላል፤ ለአንዲት ሚሊሜትር ሲል እናቱንም የሚከስ ሰው ነው። ሁለቱ ተፋጠው ሲከራከሩ ሰነበቱ። አራቱን ቺፖች አንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢደረድሯቸው ሙቀታቸው ይበተናል፣ ስፋቱ ግን ከኪስ ያልፋል። ራቁታቸውን በአንድ ቅርፊት ቢያሽጓቸው ያንሳሉ፣ ግን አንዱ ከታመመ አራቱም አብረው ይቀበራሉ። የቀረው እያንዳንዱን በየሰሌዳው አድርጎ መደራረብ ነው። ደራርበው በአንዲት ትንሽ ሳጥን አሸጉት።

ለወንድሟ ሚስት «እትዬ፣ ሌላው ሁሉ አልቋል፤ ያስቸገረን ማሸጉ ነው» ብትላት፣ «ካርቶን ጠፍቶ ነው? ጓዳው ሞልቶልሽ የለም እንዴ» አለቻት።

ቅዳሜ ለምሳ ሳጥኗን ይዛ ሄደች። ጋሼ ከደረት ኪሱ የአናጢ እርሳሱን አወጣና ሳጥኗን ከተተ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ቢሰካው ከማዳመጫው ጋር ተጋፋ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሴት ልጁ ከገበታው ማዶ ስትስቅበት ዞር ብሎ «ምን አሳቀሽ?» አላት። መሐንዲሷ እንባዋ መጣ። ደስታው ግን ምግቡ ሳይቀዘቅዝ አለቀ፤ ሳጥኗ ጋለችና ራሷን አጠፋች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የእነሱ ድር ግን አብሮ ያሰረው ሙቀቱን ነበር።

«እህቴ፣ ደረቴ ላይ ምድጃ ነው እንዴ የተከልሽው?» አለ ጋሼ። ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ ፊቱ ግን አልሳቀም። ሳጥኗን መለሰላትና ወደ ሥራ ቤቱ ወጣ።

ይቅርታ ልትለው ተከተለችው። እርሳሱን ኪሱ መልሶ የመሣሪያ ቀበቶውን ሲታጠቅ ደረሰች። መዶሻው፣ ሜትሩ፣ ጉጠቱ፣ መሮው ጎን ለጎን ሆነው ወገቡን ዞረዋል። አንዱም በሌላው ላይ አልተደረበም። ያን ቀበቶ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች፤ አየሁት የምትለው ግን ያን ቀን ነው። ይቅርታውንም ረሳችው።

«ጋሼ፣ ያ ኪስህ ባዶ ሆኖ ያውቃል?»

«ምን አልሽ?»

ፊቱ ቆማ ጮክ ብላ ደገመችለት።

«እርሳሴ እያለ? ምን ሲደረግ!»

ከሚሊሜትር ጋር ሲጣሉበት የከረሙት ኪስ ለካ ተከራይ ያለበት ቤት ኖሯል። እሷ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ባለቤቱን አልጠየቀችም።

ሰኞ ጠዋት «የኪስ» የሚለውን ሰርዛ «የቀበቶ» ብላ ጻፈች። ሚሊሜትር መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ አየው። «የቀበቶው ወርድ ስንት ሚሊሜትር ነው?» አለ። ይህ በእሱ ቋንቋ እሺ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቺፕ የራሱን ትንሽ ሰሌዳ ሰጡት፤ ሰሌዳዎቹን በሚተጣጠፍ ስስ ገመድ አያይዘው ወገብ ዙሪያ ደረደሯቸው። ሁሉም በየራሱ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ቢታመም እሱ ብቻ ይቀየራል።

ኃላፊው «እኔ ኪስ ነበር ያልኩት» ብሎ አጉረመረመ።

«ኪስም ቀበቶም የሱሪ ነው» አለ ሚሊሜትር። ኃላፊው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ቺፖቹም እዚያው ቀሩ።

በወሩ መጨረሻ ጋሼ አዲሱን ቀበቶ ታጥቆ ገበታ ቀረበ፤ እርሳሱም ኪሱ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ሳህን ይንኳኳል፣ ሁሉም በአንዴ ያወራል። ምግቡ ቀዘቀዘ፤ ቀበቶው ግን አልጋለም፣ ጋሼም ከወንበሩ አልተነሳም። ሚስቱ እንደ ልማዷ ፊቱ ልታማው ወደ መሐንዲሷ ዘንበል አለች።

«ይገርምሻል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዚህ ሰውዬ ጋር ማውራት ናፍቆኛል።»

ጋሼ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔንም» አለ።